የግማሽ መንገድ ሽኝት

ጠጋ በሉ። ብርድ ልብሱን ተካፈሉት እንጂ፣ ለአንድ ሰው አይደለም የመጣው። መብራቱን ተዉት፣ ሲፈልግ ይመጣል። ይሄ የምነግራችሁ ተረት አይደለም፤ ላምም በረትም የለበትም። የቆየ ነገር ነው። ወጣቱ እየተመረጠ በአውሮፕላን ወደ ሶሻሊስት አገር ለትምህርት ይጫን በነበረበት ዘመን የሆነ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ልንገራችሁ። ስድስት ሰዓት ነው። የሌሊቱ እንዳይመስላችሁ። የቀኑ! እዚህ ቢሆን ፀሐይዋ አናትህን የምትበሳበት፣ ጥላህ እግርህ ሥር የሚደበቅበት ሰዓት። እዚያ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። እንዴት አትሉኝም? አገሩ የምድር ጣሪያ ላይ ነዋ። ኅዳር ሲገባ ፀሐይ ትጠልቃለች። ጠለቀች ማለት ጠለቀች ነው፤ ጥር ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው አትመለስም። ከሁለት ወር በላይ አንድ ሌሊት! ለሌባ ገነት ነው ትላላችሁ አይደል? ምን ይሰረቃል? በረዶ ብቻ።

መንገዱንም ልንገራችሁ። መንገዱ ወንዝ ነው። ወንዝ ዳር ያለ መንገድ አላልኩም፤ ራሱ ወንዙ ነው መንገዱ። መስከረም ላይ መርጋት ይጀምራል፣ ጥቅምት ላይ ሰው ይችላል፣ ከዚያ በኋላ መኪና ይነዱበታል። የሚነሳው ከደቡብ ነው፣ ከሩቅ፣ ከተራራ ሥር። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሰሜን፣ ዝም ብሎ ወደ ሰሜን። በእግሬ ልከተልህ ብትለው ዓመቱ ይዞርብሃል። መጀመሪያ ጫካ ያልፋል። ከዚያ ዛፉ እያጠረ፣ እየቀጠነ ሄዶ ከጉልበትህ በታች ይሆናል። ከዚያ ዛፍ የለም። ነጭ ሜዳ ብቻ። ባሕሩ ሊደርስ የአንድ ቀን መንገድ ሲቀረው ደግሞ ወንዙ እንደ እጅ ጣት አምስት ቦታ ይከፈላል። አራቱ ጣቶች ባሕር ይገባሉ። አምስተኛውስ? አምስተኛው የት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። የአገሩ ሰዎች «ዕውሩ ጣት» ይሉታል። መንደሩ ያለው መዳፉ ላይ ነው። ሃያ ቤት፣ ከግንድ የተሠራ፣ በረዶ እስከ መስኮቱ የዋጠው። ስሙን አትጠይቁኝ።

የዚህ ወንዝ ጣጣው አፈታቱ ነው። መጀመሪያ የሚፈታው ከላይ ነው፣ ከደቡቡ። ደቡቡ ይሞቃል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው ተግተልትሎ ይመጣል። ታች ሲደርስ አፉ ገና እንደ ድንጋይ ተዘግቷል። ይጠብቃል? አይጠብቅም። ይገፋል። ቤት የሚያህል በረዶ እያነሳ ይገፋል። አንዳንድ ዓመት መንደሩን ጠርጎት ይሄዳል። ስለዚህ መንግሥት እዚያ አንዲት መለኪያ ጣቢያ አለችው። ብርዱን ሙሉ የበረዶው ውፍረት ይለካል። ከልክ በላይ ከወፈረ መንደሩ ቀድሞ ወደ ጉብታው ይሸሻል። ቀልድ አይደለም፤ የሃያ ቤት ነፍስ ነው።

ደምለው የሚባል የእኛ አገር ልጅ ለልምምድ የተላከው እዚያች ጣቢያ ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። የውሃ ትምህርት ተማሪ። ያደገውም ወንዝ ዳር ነው፤ አባቱ ወንዝ ሲሞላ ሰው በገመድ ያሻግር ነበር። ውሃ አይፈራም። ብርዱንም ቢሆን እየተሳደበ ለምዶታል። የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ። እግሩ ያሳክከዋል። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ምድጃውን ይቆሰቁሳል፣ መስኮቱን ይጠርጋል፣ ምን አለ? ጨለማ። ይመለሳል። ወሬ የሚወድ ልጅ ነበር፤ ሩሲያኛውንም አቀላጥፎ ይናገረዋል፤ ግን ከማን ጋር ያውራ?

ከስፒሪዶን ጋር? ስፒሪዶን የጣቢያዋ ጠባቂ ነው። የዚያው አገር ሰው፣ ሰባ ያለፈው ሼባ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ወንዝ ለክቷል። በቀን አሥር ቃል ቢናገር ነው፤ አሥሩም ስለ በረዶ። ደምለው «አባባ» ይለዋል። እሱ ደግሞ ደምለውን «የላዩ ልጅ» ይለዋል። በዚያ መንደር አቅጣጫ ሁለት ብቻ ነዋ፤ ውሃው የሚመጣበት ላይ ነው፣ ውሃው የሚሄድበት ታች ነው። ሞስኮም ላይ ነው። እኛም ላይ ነን።

አንድ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ? የሽማግሌው እህት፣ ማትሪዮና፣ የተጨሰ ዓሣ ይዛ መጣች። ተቀመጠች፣ ሻይ ጠጣች፣ ተነሳች። ስፒሪዶን ጀርባውን ሰጣት። ደህና ሁኚ የለ፣ ምን የለ። ደምለው ደነገጠ። የሰው ልጅ ነው፤ እንግዳ ሲወጣ እንዴት ቁጭ ይባላል? ካፖርቱን አጥልቆ ተከትሏት ወጣ።

«እማማ፣ ይጠብቁኝ! እስከ ቤትዎ ልሸኝዎት።»

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በረዶው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች!

«ግባ!»

«ኧረ ይነሱ እማማ፣ ብርዱ...»

«አንተ እስክትገባ አልነሳም! እዚሁ ደርቄ ልቅር! ስፒሪዶን! ይሄን ያበደ ልጅ ሰብስብልኝ!»

ገባ እንግዲህ፣ ምን ያድርግ። ቀልቡ ተገፍፎ ገባ።

«አባባ፣ እህትዎን ምን ነካቸው?»

«እዚህ ሰው አይሸኝም።»

«ለምን?»

«በረዶ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድም። ክብደት ነው። አሥር እርምጃ ተራርቀህ ትሄዳለህ።»

«ይሄ እኮ ቁጭ ብለው 'ቻው' ማለትን አይከለክልም! እኛ አገር እንግዳ ሲወጣ ቤቱ በሙሉ ነው የሚነሳው። እስከ ደጅ ትሸኘዋለህ፣ እስከ ዋናው መንገድ ትሸኘዋለህ። እሱ ደግሞ 'ብቻህንማ አትመለስም' ብሎ ይመልስሃል። አንተ ደግሞ ትሸኘዋለህ። ስትመላለሱ ይነጋል።»

ሽማግሌው ፒፓውን ከአፉ አወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አየው።

«ይነጋል አልክ?»

«አዎ፣ ይነጋል።»

«እዚህ አይነጋም።»

ደምለው ሳቀ። ሙድ ሊይዝበት ፈለገ። «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። በዕድሜዎ አንድ ሰው ሸኝተው አያውቁም?»

«አላውቅም።»

«እናትዎንም?»

ሽማግሌው ፒፓውን አራገፈ።

«ይሄ ታዲያ ሰው መሆን ነው?»

ሽማግሌው አፉን ከፈተ፣ ሌላም ሊናገር ነበር። ከዚያ ተወው። የዕለቱ አሥር ቃል ካለቀ ቆይቷል። ያኔ ቢጨርሰው ኖሮ ይሄን ሁሉ ባላወራሁላችሁ ነበር።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ከመንደሩ ጀምሮ ወንዙ ላይ አርባ ችካል ተተክሏል፤ በአንዱና በሌላው መሀል መቶ እርምጃ። ሦስት ቦታ በረዶው ተቦርቡሯል። የመጨረሻው ጉድጓድ አርባኛው ችካል ጋ ነው፣ ዕውሩ ጣት የሚጀምርበት። ከአርባኛው ወዲያ ችካል የለም። ከዚያ ወዲያ የሚሄድም የለም። በየቀኑ ሁለቱ ይወጣሉ፣ አሥር እርምጃ ተራርቀው፤ ይለካሉ፣ ይመለሳሉ።

ታኅሣሥ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ የበረዶ ማዕበል ዘጋቸው። በአራተኛው ጸጥ ሲል ስፒሪዶን ሳል ይዞት ተኝቷል። ትኩሳት አለው።

«ዛሬ ይቅር» አለ ሽማግሌው። «ብቻን አይወጣም።»

ይቅር? ሦስት ቀን! ሦስት ቀን አራት ግድግዳ ያየ ልጅ! ደምለው ሽማግሌው እንቅልፍ እስኪወስደው ጠበቀ። ከዚያ ፋኖሱን ለኮሰ፣ የበረዶ መቦርቦሪያውን ዲጂኖ ተሸከመ፣ ወጣ።

ስድስት ሰዓት ነው አልኳችሁ። የቀኑ። ደመናው ኮከቡን ሁሉ ሸፍኖታል። ብርዱ እንዴት ያለ ብርድ መሰላችሁ? ትንፋሽህ ከአፍህ ሲወጣ አየር ላይ ይደርቅና ድምፅ ያሰማል። ኮሽ ይላል፣ እንደ ገለባ። ትተነፍሳለህ፣ ኮሽ። ትተነፍሳለህ፣ ኮሽ። ደምለው ይሄዳል። አንድ ችካል። ሁለት ችካል። ይቆጥራል። የሚለካ ሰው ልማዱ ነው፣ ሳይቆጥር አይራመድም። አሥር። ሃያ አምስት። አርባ።

አርባኛው ችካል ጋ ተንበረከከ። ለካ፣ ጻፈ። ሊነሳ ሲል ሰማ።

ኮሽ።

ትንፋሹ መሰለው። ትንፋሹን ያዘ። እስቲ እናንተም ያዙ። ያዛችሁ?

ኮሽ።

እግር ነው። በረዶ የሚረግጥ እግር። ቆመ። ፋኖሱን ከፍ ሲያደርግ ብርሃኑ ጫፍ ላይ የሰው እግር አየ። ከዚያ ጉልበት። ከዚያ ሰውየው ራሱ ወደ ብርሃኑ ገባ። ወጣት ነው። ፊቱ ደህና ፊት ነው፤ የሆነ ቦታ ያየኸው የሚመስል፣ ግን የት እንዳየኸው የማታስታውሰው።

«ደህና ዋልክ?» አለ ሰውየው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ደምለው። ልቡ ተመለሰችለት። «እርስዎስ?»

«አንተ በለኝ፣ እኩያህ ነኝ። ብቻህን ነህ እንዴ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ በዚህ ጨለማ ብቻህን ልትመለስ? አይሆንም። ና፣ ልሸኝህ።»

አያችሁ? ለሁለት ወር የናፈቃትን ቃል አመጣለት! ልሸኝህ! ደምለው ደስታው ሽቅብ ወጣ። አሥር እርምጃ መራራቅ ትዝ አለው? የት አባቱ! ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሄዱ። ወሬ ሆነ። ስለ ወንዝ ሙላት ነው፣ ገመድ ይዘው ማዶ ለማዶ ስለሚጯጯሁ ሰዎች ነው፣ ስለ በቆሎ እሸት ነው፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ነው። ሰውየው መሳቅ ያውቅበታል። ሳቅ ያለበት ቦታ ላይ ይስቃል፣ ዝም የሚባልበት ቦታ ላይ ዝም ይላል። ችካሎቹ ሳይታወቁ አለቁ። አምስተኛው ችካል ጋ ሲደርሱ የመንደሩ መብራት ከሩቅ ብልጭ አለ።

ሰውየው ቆመ። «እኔ እዚህ ይበቃኛል።»

«እንዴት ነው የሚበቃህ? ብቻህን ልትመለስ? ና፣ ልመልስህ እንጂ!»

«ተው፣ አትቸገር።»

«ኧረ አይደረግም!»

«ተው ብዬሃለሁ። ብርድ ነው።»

«አንተንስ አይበርድህም? ቀጥል፣ ቀጥል!»

ልብ በሉልኝ። ጎትቶ አልወሰደውም። ያስለመነው እሱ ነው። የለመነው ደምለው ነው።

እስከ አርባኛው ችካል ሸኘው። እዚያ ሲደርሱ ሰውየው፣ «አሁን አንተን ብቻህን ልስደድህ? ሰው ምን ይለኛል?» አለ። የትኛው ሰው? የት አለ ሰው? ደምለው ግን ሳቀ፤ ተመለሱ። ወሬ። ሳቅ። ሰውየው አሁንም ቆመ። «ይበቃኛል።» ደምለው አፉ ያወራል እንጂ ጭንቅላቱ መቁጠሩን አልተወም። አሥራ አምስተኛው ችካል ነው። የመንደሩ መብራት አይታይም።

«ልመልስህ።» «ተው።» «አይሆንም።» እንደገና አርባ።

እንደገና ተመለሱ። ሰውየው ቆመ። ደምለው ችካሉን አየ። ሃያ ስምንት።

ገባችሁ? ወደ ቤቱ በኩል መንገዱ እያጠረ ነው። አምስት፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ስምንት። እግሩ ደክሟል፣ ጣቶቹ አይሰሙትም፣ ፋኖሱ ጋዝ ሊጨርስ ነው። 'አሁንስ ቤቴ ልግባ' ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ምንድን ነው?

«ና፣ ልመልስህ።»

እናንተስ ብትሆኑ? ሰው ሦስቴ ሸኝቶህ፣ ብቻህን ሂድ ትለዋለህ?

ሄዱ። ሦስተኛው መሆኑ ነው። ደምለው ይቆጥራል። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። ሰውየው አልቆመም። ደምለውም አልቆመም። መቶ እርምጃ ሄደ፣ የሚቀጥለውን ችካል ጠበቀ። የለም። ሌላ መቶ እርምጃ። የለም።

ችካል የለም። ዕውሩ ጣት ውስጥ ገብተዋል።

ያኔ ነው ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ጎኑን ያየው። የደምለው ሪዝ በበረዶ ነጭ ሆኗል፤ ሽፋሽፍቱ ተጣብቋል፤ ከአፉ እንደ ምድጃ ጢስ ይወጣል። የሰውየው ሪዝ ጥቁር ነው። ሽፋሽፍቱ ጥቁር ነው። እያወራ ነው፣ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከአፉ የሚወጣ ነገር የለም። ለብርዱ የለበሰውስ? ስስ ሸሚዝ። ደረቱ ክፍት ነው።

ደምለው ጆሮው ላይ አንድ ነገር ጮኸበት። እኔም ልጠይቃችሁ። እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ ሰዓት በምን ቋንቋ ነበር የሚያወሩት?

በአማርኛ! «ደህና ዋልክ» ሲለው ጀምሮ በአማርኛ! በዚያ ወንዝ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከእሱ በቀር አማርኛ የሚያውቅ ነፍስ የለም!

«አንተ... የማን ልጅ ነህ?» አለ ደምለው።

«የማንም ልሁን፤ ጨዋታችንን ምን አጎደለብን?» አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ። «ደርሰናል እኮ። ቤቴ ይሄው ነው። ጥቂት እርምጃ ናት።»

ደምለው ዲጂኖውን ወደ ፊቱ ሰነዘረና በረዶውን ወጋው። ሌላ ጊዜ አንድ ጉድጓድ ለመቦርቦር ሃያ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። አሁን በአንድ ምት ጥልቅ ብሎ ገባ፤ ጥቁር ውሃ ተንደቅድቆ ወጣ። እግሩ ሥር ያለው በረዶ እንደ መስታወት ጮኸ።

ሰውየው ስንጥቁ ማዶ ቆሟል። በረዶው ለእሱ አይጮኽም።

«እንግዲህ ደጄ ድረስ መጥተህ ሳታስገባኝ ትመለሳለህ?» አለ። አልተቆጣም። ያዘነ ድምፅ ነው። «የእኛ አገር ሰው እንዲህ ያደርጋል? ግማሽ መንገድ ላይ ሰው ይጣላል?»

ይሄን ጊዜ ደምለው ምን ሊያደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። አፍሮ! አፍሮ ሊሞት ነበር! በረዶው ደግሞ ሲጮህ ነው የነቃው። በሆዱ ተኛ። ዲጂኖውን አግድም ይዞ፣ ደረቱን ከበረዶው አጣብቆ፣ ወደ ኋላ ተሳበ፤ ክብደትህን ካልበተንከው ይበላሃል። ሲሳብ፣ ሲሳብ፣ ወፍራሙ በረዶ ላይ ሲደርስ ተነስቶ ሮጠ። ኋላው የእግር ኮቴ የለም። ድምፁ ብቻ መጣ፣ ቀስ ያለ፣ ጨዋ ድምፅ።

«እሺ። እንግዲህ ደጅህ ላይ እጠብቅሃለሁ። ስትወጣ እንጨርሳለን።»

ጣቢያው ውስጥ ሲገባ ስፒሪዶን ቁጭ ብሏል። ፊቱን አይቶ ገባው። ምን አየህ አላለውም።

«ስንት ጊዜ ሸኘኸው?»

«ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ... ግማሽ መንገድ ላይ ጥዬው መጣሁ።»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀመውን ቃል ሁሉ አንድ ላይ ተናገረው።

«ስማኝ፣ የላዩ ልጅ። በረዶው ሥር ውሃው አይቆምም። የወደቀን ሰው ይዞት ወደ ታች ይሄዳል። ታች ግን አፉ ዝግ ነው። ባሕር አይገባ፣ ወደ ቤቱ አይመለስ። ስለዚህ የሞተው በጨለማው ወራት ይወጣና አብሮት የሚሄድ ይፈልጋል። ያ ነው ሌላው ምክንያት። ያን ዕለት ያልነገርኩህ።»

«የአገሬ ሰው ነው፣ አባባ። በቋንቋዬ ነው ያወራኝ።»

«ለአንተ የአገርህ ሰው ነው። ለእኔ ወንዙ የወሰደው ወንድሜ ነው። ሠላሳ ዓመት በወንድሜ አፍ ሲጠራኝ ጆሮዬን ይዤ አልፌዋለሁ። ለእያንዳንዱ የራበውን ቋንቋ ነው የሚናገረው። መሸኘት ያልጀመረን ሰው አይነካም። የጀመረን ሰው ግን እስኪጨርስለት ይጠብቃል።»

ኮሽ።

ውጭ ነው። ደጁ ላይ። አላንኳኳም፣ አልጮኸም። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይላል፤ እግሩ እንደበረደው ሰው።

ሰዓቱ ዞረ። ሁለት ጊዜ ዞረ። እዚያ ቀን የሚባል የለም፣ ሰዓት ብቻ ነው የሚዞረው። ያ እግር አልሄደም። የምድጃው እንጨት አለቀ፤ እንጨቱ ያለው ውጭ ነው። ልኬቱ ቆመ። አውሮፕላን የሚመጣው በሁለት ሳምንት ነው፤ ማረፊያው ደግሞ ወንዙ ማዶ ነው። ደምለው ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል። በሩ ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል። «ልውጣና ይለቅልኝ!» ይላል። ደግሞ ይቀመጣል።

ከዚያ ስፒሪዶን ተነሳ። እያሳለ ካፖርቱን አጠለቀ። ጫማውን አሰረ።

«የት ነው፣ አባባ?»

«ልሸኘው።»

«እኔ ነኝ እኮ የጀመርኩት!»

«አንተ ሃያ አራት ነህ።» ጓንቱን አደረገ። «እናቴን አልሸኘሁም። ወንድሜ ያን ቀን ሲወጣ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። አንተ 'ይሄ ሰው መሆን ነው?' አልከኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱን ሳስብ ነው የምውለው።»

«ቀልዴን ነበር እኮ፣ አባባ! በእግዚአብሔር ቀልዴን ነበር!»

«እኔ ቀልድ አላውቅም» አለ ሽማግሌው። እጁን በሩ ላይ አደረገ። «አደራ፣ እንዳትሸኘኝ።»

ወጣ።

ደምለው ቁጭ አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሲወጣ ቁጭ አለ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይነሳበት። የአንድ ሰው እግር ሰማ። ከዚያ የሁለት ሰው። ትከሻ ለትከሻ፣ እኩል እኩል እየረገጡ። የሽማግሌው ሳል ተሰማ። ደግሞ የሆነ ነገር ተሰማ፤ ሳቅ ይመስላል። ስፒሪዶን ሲስቅ ሰምቶ ስለማያውቅ ሳቁ የማን እንደሆነ ሊለይ አልቻለም። ወደ ታች ራቀ። ራቀ። ጠፋ።

ምን ያህል ቆየ? እሱም አያውቀውም። ምድጃው አመድ ሆነ። ግድግዳው ከውስጥ በኩል በረዶ መያዝ ጀመረ። ሰዓቱን አየ፤ ሰዓቱ ቆሟል።

ኮሽ። ኮሽ። ኮሽ።

ከታች ነው የሚመጣው። የአንድ ሰው እግር። ብቻውን! ደምለው ብድግ አለ። ሳል ተሰማ። ያቺው የሽማግሌው ሳል! እግሩ ደጁ ላይ ደርሶ በረዶውን አራገፈ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሁለቴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ።

«የላዩ ልጅ» አለ ስፒሪዶን። «ሸኘሁት። ደጁ ድረስ አደረስኩት። ክፈትልኝ፣ በረደኝ።»

ደምለው እየዘለለ በሩ ላይ ደረሰ። እያለቀሰ ነው፣ እየሳቀ ነው። መቀርቀሪያውን ያዘው። ብረቱ መዳፉ ላይ ተጣበቀ። ሊስበው ነው።

ቆመ።

ለምን ቆመ? ንገሩኝ እንጂ! ለምን ቆመ?

ስፒሪዶን አማርኛ አያውቅማ!

ደምለው ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። በሩሲያኛ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዲህ አለ፦

«አባባ... በራስዎ ቋንቋ ይንገሩኝ። አንድ ቃል ብቻ።»

ጸጥ አለ። ሳል። ደግሞ ጸጥ አለ። ከበሩ ወዲያ የሚያስብ ሰው ዝምታ ነው። አንድ ነገር ጠፍቶበት ኪሱን የሚዳብስ ሰው ዝምታ። ከዚያ እንዳፈረ ሰው ሆኖ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በአማርኛ መለሰለት፦

«እሱን ረሳሁት፣ ልጄ።»

ደምለው አልከፈተም።

ይኸው ነው። ተነሱ። ስትወጡ ደግሞ «ብቻዬን አልሄድም፣ ፈራሁ፣ ሸኙኝ» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ብቻችሁን ሂዱ። ፈጠን ብላችሁ፣ ብቻችሁን። የፈራም እየፈራ ይሂድ። እኔም ወደ ቤቴ ልሄድ ነው፣ የሚሸኘኝ አልፈልግም።